የሚገፋው ወይስ የሚጎተተው? አሮጌ ቫኪዩም ሰብስቦ ለማደስ ለሚያስቡ የንጽጽር መመሪያ

አሮጌ ቫኪዩም መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ፎቶ ይዞ ይመጣል። በአንደኛው ፎቶ ማሽኑ እንደ መስታወት ያበራል። በሌላው አቧራ ለብሶ፣ ዝገት ጀማምሮት፣ ቦርሳው ተጨማዶ ጥግ ላይ ቆሟል። "የትኛውን ልውሰድ?" ይለኛል። ዓይኑ ግን የሚያበራውን አስቀድሞ መርጧል።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያልጎደለው የትኛው ነው?

ቆሻሻ ይታጠባል። ዝገት ይለቃል። የደረቀ ግራሶ ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። የተሰበረ የባክላይት (ጠንካራ የድሮ ፕላስቲክ) ክዳን ግን ቀልጦ እንደገና አይሠራም። የጠፋ የቱቦ ጫፍም ብዙ ጊዜ በሌላ ማሽን ጫፍ አይተካም፤ ብዙው አምራች የራሱን መቆለፊያ ነው የሠራው። ስለዚህ አሮጌ ቫኪዩም ስትመርጡ ቆሻሻውን አትፍሩ፤ የጎደለውን ፍሩ። ዓይነቶቹን የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሁለት ቤተሰብ፣ ሁለት የአቧራ መንገድ

የቤት ቫኪዩም በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። የሚገፋው እጀታው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቦርሳው እጀታው ላይ የተንጠለጠለ፣ ሞተሩና ብሩሹ ታች ያለ ነው። የሚጎተተው ሞተሩ በርሜል በመሰለ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በቱቦ የሚስብ፣ ከኋላ ከኋላችን የሚከተል ነው።

ልዩነቱ ግን የመልክ ብቻ አይደለም። ዋናው አቧራው የሚሄድበት መንገድ ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ የሚገፉ ማሽኖች ላይ ቆሻሻው መጀመሪያ በፋኑ ውስጥ ያልፋል፤ ቦርሳ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሳንቲሙም፣ ሚስማሩም፣ የፀጉር መርፌውም የሚሽከረከረውን ፋን መትቶ ነው የሚያልፈው። በሚጎተተው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቆሻሻው ቦርሳ ውስጥ ይቀራል፤ ፋኑ ጋ የሚደርሰው የተጣራ አየር ነው። በብዙዎቹ ላይ ያው አየር ሞተሩን አቀዝቅዞ ይወጣል።

ይህን ከያዛችሁ የምርመራውን ግማሽ ጨረሳችሁ ማለት ነው። የሚገፋ ስትገዙ ፋኑን እዩ። የሚጎተት ስትገዙ ቦርሳው የሚቀመጥበትን ቦታና ክዳኑን የሚያትመውን ጎማ እዩ። ቦርሳው ተቀዶ ለዓመታት የሠራ ማሽን አቧራውን ሞተሩ ውስጥ ከምሮት ነው የሚጠብቃችሁ።

የሁለቱም ሐሳብ ምንጩ አንድ ነው። በ1901 ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አየር እየሳበ አቧራውን በጨርቅ የሚያጠልል ማሽን አስመዘገበ። ማሽኑ ግን በፈረስ ጋሪ የሚጓጓዝ ግዙፍ ነገር ነበር። ውጭ መንገድ ላይ ይቆምና ረጅም ቱቦ በመስኮት ይገባ ነበር። በአንድ ሰው እጅ የሚገፋ ያደረገው ጀምስ መሪ ስፓንግለር ነው። ስፓንግለር በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበትና የሚጠርገው አቧራ ያፍነው ነበር። የፋን ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የትራስ ልብስና የመጥረጊያ እጀታ አገጣጠመ። በ1908 የፈጠራ መብቱን አገኘ። መብቱን ዊልያም ሁቨር ገዛው፤ በዚያው ዓመት ሞዴል ኦ የተባለው ማሽን ወጣ። አንድ አሮጌ የሚገፋ ቫኪዩም ፊት ስትቆሙ ልብ ብላችሁ እዩት። የትራስ ልብሱም የመጥረጊያው እንጨትም አሁንም እዚያው ናቸው።

የሚገፋው፦ ሁቨር ወይስ ኪርቢ?

ከሚገፉት መካከል ሰብሳቢ ደጋግሞ የሚያገኛቸው ስሞች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ፍጹም የተለያየ ሥራ ይሰጣሉ።

ሁቨር በ1926 በሞዴል 700 ላይ ምንጣፍ የሚመታ ዘንግ አስገባ። ብሩሹ ይጠርጋል፤ በዘንጉ ላይ ያሉት የብረት ዘንጎች ደግሞ ምንጣፉ ወደ ላይ ሲሳብ እየመቱ ውስጡ የተቀበረውን አሸዋ ያራግፋሉ። በ1936 ሄንሪ ድራይፈስ የነደፈው ሞዴል 150 ወጣ። ባክላይት ክዳኑ ወደ ፊት እንደ መኪና አፍንጫ ተስሏል። አካሉ ላይ ማግኒዚየም ስለገባበት ከመልኩ ይልቅ ቀላል ነው። በጣም ያምራል። እኔ ግን የመጀመሪያ ማሽን አድርጋችሁ እንድትገዙት አልመክርም።

ምክንያቱ ያ ክዳን ነው። ባክላይት አንዴ ከጠነከረ ሙቀት አያለሰልሰውም። ስለዚህ እንደ ዛሬው ፕላስቲክ አሙቆ ማስተካከል የለም። ስንጥቁን በኤፖክሲ ማጣበቂያ መያዝ ይቻላል፤ መስመሩ ግን ይታያል። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አስፈቅዳችሁ ክዳኑን ፍቱትና ከውስጥ በኩል በባትሪ አብሩበት። ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከብሎን ቀዳዳ ነው። ከዚያ ለስለስ አድርጋችሁ በጥፍራችሁ ምቱት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ስታጸዱትም አትዘፍዝፉት። ብዙው ባክላይት ውስጡ የእንጨት ዱቄት ስላለበት ላዩ ያለቀ ቦታ ውሃ ይጠጣል። በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና የተጨመቀ ጨርቅ፣ ከዚያ ለስላሳ መወልወያ፤ ይበቃዋል።

ማግኒዚየሙም የራሱ ጠባይ አለው። ዝገቱ ነጭ ዱቄት ይመስላል። ይህን በግራይንደር ለመፋቅ እንዳትሞክሩ። ብናኙ እሳት ከያዘው በውሃ የሚጠፋ ዓይነት አይደለም። በእጅ፣ በቀስታ፣ በብርጭቆ ወረቀት የቻላችሁትን አንሡና ቀለም ቀቡት።

ኪርቢ ደግሞ ሌላ ነው። በጀምስ ኪርቢ ፈጠራዎች ላይ ተመሥርቶ ስኮት ኤንድ ፌትዘር የተባለው የክሊቭላንድ ኩባንያ በ1935 ሞዴል ሲ የተባለውን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት መሠረታዊ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም። አካሉ የተፈሰሰ አልሙኒየም ነው። ከአፍንጫው እስከ እጀታው በጥቂት ብሎኖች ይፈታል። ቺንጋው፣ ብሩሹ፣ ካርቦኑ (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) ዛሬም በአዲስነት ይሸጣሉ። አንድ ክፍል ቢጎድለው ከሌላ ዘመን ኪርቢ የሚገጥም የማግኘት ዕድላችሁ ከየትኛውም የምርት ስም ይበልጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምር ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ ይህ ነው፤ ከ1990 በፊት የተሠራ ኪርቢ ያዙ። በ1990 ከወጣው ጄኔሬሽን 3 ጀምሮ ራሱን የሚገፋ ማስተላለፊያ ስለተጨመረ መፍታቱ ለጀማሪ ከባድ ይሆናል።

አልሙኒየሙ የሚሰጠውን ደስታ ለማስረዳት አንድ ነገር ላሳያችሁ። ለዓመታት የተቀመጠ ኪርቢ አመድ መልክ ይይዛል። ፈትታችሁ በሞቀ ውሃና በሳሙና ታጥቡታላችሁ። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ምድጃ ማጽጃ አጠገቡ እንዳይደርስ፤ አልሙኒየሙን ያጠቁረዋል፣ ይበላዋል። ከዚያ ቁጥር 400 የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 800፣ ቀጥሎ 1500፣ ሁሉንም በውሃ እያራሳችሁ። ጣቶቻችሁ ጥቁር ይሆናሉ። የቀደመው ወረቀት የተወው ጭረት ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፉ፤ የሚበዛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የጥጥ መንኮራኩርና መወልወያ ሰም። የመጀመሪያውን መዳፍ የሚያህል ቦታ ጨርሳችሁ ፊታችሁን እዚያው ላይ ስታዩት ሌሊቱን ሙሉ ብትሠሩ አይደክማችሁም።

በሁለቱም ላይ የምታዩት ፋኑን ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ፋኑን የሸፈነውን ክፍል አንሡና ፋኑን በእጃችሁ አዙሩት። ጥርሱ የተሸረፈ ፋን ሚዛኑን ያጣል። የተዛባ ፋን እጀታውን ያንቀጠቅጣል፤ ኩሽኔታውንም ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ፋኑን የያዘው ዳዶ አልፈታ ቢላችሁ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት የዳዶውን ጥርስ ዝንባሌ እዩ። በብዙ ማሽኖች ላይ የሚፈታው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

ስለ ጨርቅ ቦርሳው ከራሴ ስህተት ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ቦርሳ ሙቅ ውሃና የልብስ ሳሙና ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ውሃው ጠቆረ፤ ደስ አለኝ። ሳወጣው ግን የታተመበት ስምና ሥዕል ጠፍቷል፤ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ቀርቷል። ያ ማሽን ዛሬም ስም በሌለው ቦርሳ ነው የቆመው። አሁን መጀመሪያ ቦርሳውን ገልብጬ በሌላ ቫኪዩም አቧራውን እስባለሁ። ከዚያ በማይታየው ስፌት ጫፍ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እፈትናለሁ። ቀለም ከለቀቀ ቦርሳው ውሃ አያይም፤ እንዳለ ይኖራል።

የሚጎተተው፦ መንሸራተቻው ላይ የተቀመጠው በርሜል

አክሰል ቬነር ግሬን የተባለው ስዊድናዊ ነጋዴ ያቋቋመው ኤሌክትሮሉክስ በ1921 ሞዴል ቪን አወጣ። ሲሊንደር ነው፤ ከሥሩ እንደ በረዶ መንሸራተቻ ያሉ ሁለት የብረት መስመሮች አሉት። ወለል ላይ ተጋድሞ ቱቦውን እየተከተለ ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ ብዙ አምራቾች ይህንኑ ቅርጽ ተከተሉ። በአሜሪካ በ1937 ሉሬል ጊልድ የነደፈው ሞዴል 30 ከሁሉም በላይ በሰብሳቢዎች ይፈለጋል። ስሙ ማሽኑ ላይ በሮማን ቁጥር ነው የተጻፈው። ጫፎቹ ክሮም፣ መካከሉ ቆዳ የሚመስል ልባስ፤ የቆመ ሳይሆን የሚሮጥ ነው የሚመስለው።

የሚጎተተው ከሚገፋው የሚሻለው ሞተሩ ላይ ነው። ፋኑ ንጹሕ አየር ብቻ ስለሚያገኝ ቦርሳው ሳይቀደድ የኖረ ማሽን ውስጡ ገና አዲስ ይመስላል። ምንጣፍ ላይ ግን ደካማ ነው። የሚመታ ብሩሽ የለውም፤ የሚስበው ላይ ላዩን ነው። ለባዶ ወለል፣ ለሶፋ፣ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ድምፁም ለስለስ ያለ ነው።

ሕመሙ ቱቦው ላይ ነው። የድሮው ቱቦ ውጭው የተሸመነ ክር፣ ውስጡ ጎማ ነው። ጎማው ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና አየር ያስገባል፤ ከውጭ ግን ጤነኛ ይመስላል። ፈተናው ቀላል ነው። የቱቦውን አንድ ጫፍ በመዳፋችሁ ዝጉና በሌላው ጫፍ በአፋችሁ ሳቡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቢሆን ይሻላል። አየር ከመጣላችሁ ያፈሳል። ካፈሰሰ ግን አትዘኑ። ሁለቱ የብረት ጫፎች እስካሉ ድረስ መካከሉን በአዲስ ቱቦ መተካት ይቻላል። ጫፎቹ ከሌሉ ግን ያ ውብ በርሜል ምንም መሳብ የማይችል ጌጥ ነው። ቱቦው የለም ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ "ጫፎቹስ?" በሉት።

ማሽኑ እየሠራ ሊያሳያችሁ ከቻለ ደግሞ የሚስብበትን አፍ ለሁለት ሴኮንድ በመዳፋችሁ ዝጉት። የሞተሩ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ሞተሩ የተጨነቀ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን የሚያንቀሳቅሰው አየር ስላጣ ሥራው ቀሎለት ነው የሚፈጥነው። ድምፁ ካልተለወጠ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው፤ የክዳኑ ጎማ ወይም የመገጣጠሚያው ማኅተም አልቋል። ለረጅም ጊዜ ግን አትዝጉት። በብዙዎቹ ላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው አየር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሚጎተተውን ውስጡን ስትከፍቱ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ቀልጠው እንደ ሬንጅ ተጣብቀው ታገኙ ይሆናል። በአልኮል ይለቃሉ። ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ጎማ ቆርጦ መተካት ይቻላል። ይህ ከቆሻሻው ወገን ነው፤ አያስፈራም።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

የሁቨሩ ኮንስቴሌሽን በ1950ዎቹ የወጣ ክብ ኳስ ነው። የሚተፋው አየር ከሥሩ ወጥቶ ከወለሉ በትንሹ ያንሳፍፈዋል። ልጆችም አዋቂዎችም ይወዱታል። ቆርቆሮው ከተጎዳ ግን ክብ ቅርጽ ላይ ያለ ጉዳት ለማስተካከል እጅግ ከባድ ነው። ያልተጨፈለቀ ካገኛችሁ ብቻ ግዙ።

እንደ ሬክሴር ሬይንቦው ያሉት አቧራውን በውሃ የሚይዙ ማሽኖች ቦርሳ አያስፈልጋቸውም። ይህ ለአሮጌ ማሽን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እርጥበትና ኩሽኔታ አይዋደዱም። ሳይደርቅ ተዘግቶ የኖረ ማሽን በሽታው ይታወቃል።

ከኤሌክትሪክ በፊት የነበሩት በእጅ እንደ ወናፍ እየተነፉ የሚስቡ ማሽኖች ለማየት እንጂ ለመጥረግ አይገዙም። ቆዳቸው ያለቀ ቢሆንም እንዳለ ብትተዉት እመርጣለሁ።

ፕላስቲኮቹ ደግሞ ወደ ስብስብ እየገቡ ነው። ጀምስ ዳይሰን 5,127 ናሙና ሠርቶ የደረሰበት ቦርሳ አልባው ማሽን በ1993 ዲሲ01 ተብሎ በብሪታንያ ገበያ ወጣ። አሁን ሰብሳቢ አለው። ቢጫ የሆነውን ፕላስቲክ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ ብርሃን ማንጣት ይቻላል። የሚሰበሩት ትንንሽ መያዣዎቹ ናቸው፤ ሲገዙ አንድ በአንድ መቁጠር ነው።

ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት

ከምንም ነገር በላይ ይህን ክፍል ተረጋግታችሁ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚጎዳው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ስም ሰሌዳውን አንብቡ። የሰሜን አሜሪካ ማሽን ከ110 እስከ 120 ቮልት ነው። የአውሮፓና የብዙው ዓለም ከ220 እስከ 240 ነው። የቫኪዩም ሞተር ካርቦን ያለው፣ በተለዋጭም በቀጥታም ኤሌክትሪክ የሚዞር ዓይነት ስለሆነ 50 ወይም 60 ኸርዝ መሆኑ ብዙም አያስጨንቀውም። ቮልቱ ግን ያስጨንቀዋል። የ120 ቮልት ማሽን 240 ላይ ከተሰካ ከልክ በላይ ይፈጥናል፤ ጥቂት ሳይቆይም ይቃጠላል። ስለዚህ የእናንተ ሶኬትና የማሽኑ ቮልት ካልተስማማ ትራንስፎርመር የግድ ነው። የትራንስፎርመሩ ዋት ከማሽኑ በደንብ ከፍ ማለት አለበት፤ ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው በላይ ይስባልና። ለ600 ዋት ማሽን እኔ ከ1000 ያላነሰ እይዛለሁ። ትራንስፎርመር ተሸክሞ መዞር የማትፈልጉ ከሆነ በሀገራችሁ ቮልት የተሠራውን ምረጡ፤ ይህ ከሞዴሉ ምርጫ ይቀድማል።

ሁለተኛው ገመዱ ነው። የድሮ ጎማ ሽፋን ሲታጠፍ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ከውጭ ያለው ጨርቅ ጤነኛ ይመስልና ውስጡ መዳብ ተራቁቶ ይገኛል። መግቢያው አካባቢ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። ከተጠራጠራችሁ ሙሉውን ቀይሩት። በጨርቅ የተሸፈነ፣ ውስጡ ዘመናዊ የሆነ ገመድ ስለሚሸጥ መልኩን አያበላሽም።

ሦስተኛው ብዙዎች የማያውቁት ነው። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ውስጥ ሬዲዮ እንዳይረብሽ ተብሎ የገባ ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማች ክፍል) አለ። አንዳንዱ ከኤሌክትሪኩ መስመር ወደ ብረት አካሉ ነው የተያያዘው። የወረቀት ካፓሲተር ሲያረጅ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ያን ጊዜ የሚያብረቀርቀው እጀታ ይነዝራል። ካገኛችሁት አውጡት፤ ለዚሁ ሥራ በተሠራ በደረጃው በጸደቀ ዘመናዊ ካፓሲተር ተኩት።

ከዚያ ልኬት። ተራ ቴስተር ግማሹን ብቻ ይነግራችኋል። የሽቦዎቹ ሽፋን ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፍ በ500 ቮልት የሚለካ መሣሪያ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። በስፒናው እግሮችና በብረት አካሉ መካከል ቢያንስ 2 ሜጋኦም ካላሳየ እኔ አልሰካውም። እርጥበት ከሆነ ሞቅ ያለ ደረቅ ቦታ ለጥቂት ቀን ማቆየት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

የመጀመሪያውን ማስነሣት ሁልጊዜ በአምፖል አድርጉት። የድሮውን ዓይነት፣ ክር ያለው 100 ዋት አምፖል ከማሽኑ ጋር በተከታታይ ታያያዛላችሁ፤ ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ነው ሞተሩ ጋ የሚደርሰው። ውስጥ የተነካካ ሽቦ ካለ አምፖሉ ሙሉ ብርሃኑን ይሰጣል፤ ማሽኑ ግን አይቃጠልም። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ቀስ ብሎ ይዞራል። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ የ30 ሚሊአምፒር መቁረጫ ያለው ሶኬት ላይ ብትሰኩት ደግሞ እናንተም ትጠበቃላችሁ። የማታውቁት ነገር ከሆነ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን።

ሲዞር ካርቦኑ የሚነካበትን ቦታ እዩ። ጥቃቅን ሰማያዊ ብልጭታ የተለመደ ነው። ዙሪያውን የሚዞር የእሳት ቀለበት ካያችሁ አጥፉ፤ የመዳብ ጥቅሉ ወይም ኮሙቴተሩ (ካርቦኑ የሚነካው የሚዞር የመዳብ ክፍል) ችግር አለበት። ካርቦን ስታወጡ የትኛው በየት በኩል፣ በየትኛው ፊት እንደነበረ ምልክት አድርጉ። ተመልሶ በነበረበት ካልገባ እንደገና እስኪሞረድ ድረስ ብልጭታ ይበዛበታል። ኩሽኔታውን ደግሞ ቁጥሩን አንብቡ። 608 የሚል ከሆነ ቀዳዳው 8፣ ውጭው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የትም ይገኛል። ቁጥር ከሌለው በካሊፐር ለኩት። ኩሽኔታ ሳይሆን የነሐስ ቡሽ ከሆነ አጠገቡ ዘይት የሚይዝ ሱፍ አለ። ለኤሌክትሪክ ሞተር የሚሆን ቀጭን ዘይት ጥቂት ጠብታ ስጡት። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ዘይት አይደለም፤ ተንኖ ይጠፋል።

እንዳለ ማቆየት፣ ማስነሣት ወይስ እንደ አዲስ ማድረግ?

ሁለተኛው ትልቅ ምርጫ ይህ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ሳያስብበት ይወስናል፤ ቀለሙን ፍቆ ከጨረሰ በኋላ ይቆጨዋል።

እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ቀላል ነው። የታተመ ስሙ፣ የፋብሪካ ቀለሙና ተለጣፊ ጽሑፉ ከግማሽ በላይ ካለ አልነካውም። አጸዳዋለሁ፣ ገመዱንና ኩሽኔታውን እቀይራለሁ፣ እዚያ ላይ አቆማለሁ። የመቶ እጅ ጭረት ያለበት እጀታ ማን እንደገፋው ይናገራል። አዲስ ቀለም ያንን ያጠፋዋል። ቀለሙ ተላጥጦ ብረቱ እየተበላ ከሆነ ግን ማዳን ይቀድማል፤ ያን ጊዜ ፍቁት፣ ቀቡት። ነገር ግን የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት። በሞተሩ አካባቢ ነጭ ወይም ግራጫ፣ ክር ክር የሚል ንጣፍ ካገኛችሁ ደግሞ አትንኩት፤ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል።

ያወጣችሁትን ማንኛውንም ነገር አትጣሉ። አሮጌው ገመድ፣ አሮጌው ካርቦን፣ የቀለጠው ጎማ ሁሉ በትንሽ ከረጢት ይግባ፤ ከየት እንደወጣም ይጻፍበት። ከእናንተ በኋላ የሚገዛው ሰው ፋብሪካው እንዴት እንደሠራው ማወቅ ይፈልጋል። እያንዳንዱን ብሎን ስትፈቱ ፎቶ አንሡ። ይህ የሚፈጀው ሰኮንዶችን ነው፤ የሚያድናችሁ ግን የሁለት ቀን መደናገር ነው።

አንድ ሙሉ ወይስ ሁለት ጎዶሎ?

አንዳንዴ በአንድ ሙሉ ማሽን ዋጋ ሁለት ጎዶሎ ይቀርብላችኋል። ጎዶሎዎቹ አንድ ሞዴል ከሆኑና የጎደላቸው የተለያየ ነገር ከሆነ ውሰዱ። ከሁለቱ አንድ ሙሉ ይወጣል፤ የተረፈው ደግሞ የዓመታት መለዋወጫ ነው። ሁለቱም ያንኑ ነገር ካጡ ግን፣ ለምሳሌ ሁለቱም ቱቦ ከሌላቸው፣ ችግሩን ሁለት ጊዜ ገዛችሁ ማለት ነው። ይህ እጅግ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ሞዴል ላይ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ያው አንድ ነገር ነው።

ስትሄዱ ክር ያዙ፤ ቺንጋው ከሌለ ዙሪያውን ለክታችሁ ትገዛላችሁ። ባትሪና ካቻቢቴ ያዙ። ደህና የአቧራ ማስክም ያዙ፤ የድሮ ቦርሳ ቤት ውስጥ አይከፈትም።

በቅርቡ ሁለት ፎቶ ያሳየኝ አንድ ወዳጄ ሁለቱም የሚጎተቱ በርሜሎች ነበሩት። የሚያበራው ቱቦው ከነጫፎቹ ጠፍቶ ነበር። ቆሻሻው ሁሉ ነገሩ ነበረው፤ ቱቦ፣ ጫፍ፣ የሶፋ ብሩሽ፣ ሌላው ቀርቶ የቁልፍ ሽፋኑ። ቆሻሻውን ወሰደ። ግቢ ውስጥ ቦርሳውን ስንከፍተው የደረቀ ግራጫ ጥጥ የመሰለ አቧራ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍና ሁለት የፀጉር መርፌ ወጣ። ቦርሳው አልተቀደደም ነበር። ሞተሩን ስናወጣው ፋኑ ነጭ ነበር። ገመዱን ቀየርን፣ ካፓሲተሩን አወጣን፣ ሽፋኑን አስለካን። ማታ ላይ በአምፖሉ በኩል ሰካነው። አምፖሉ መጀመሪያ ደመቀ። ከዚያ ሞተሩ ፍጥነት እያገኘ ሲሄድ ብርሃኑ ቀስ እያለ ደበዘዘ፤ ከበርሜሉ ኋላም ለብ ያለ አየር መውጣት ጀመረ።